ቀላድና መዝገብ፤ ስለ ልክና ስለ ናሙና ከአገራችን ታሪክ የተወሰደ ምሳሌ

በማኅበራዊ ኑሮ ላይ የሚደረግ ምርምር ሁሉ ሁለት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ሊራመድ አይችልም። አንደኛው «የምናጠናው ነገር በምን ይለካል?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛውም «ሁሉን ማየት ካልተቻለ የትኛውን እንይ?» የሚለው ነው። የፊተኛው የልክ፥ የኋለኛው የናሙና ጥያቄ ይባላል። እነዚህን ሐሳቦች በውጭ አገር ምሳሌዎች መማር የተለመደ ቢሆንም፥ የአገራችን የመሬት ልክ ታሪክ አጥርቶ ያሳያቸዋል ብለን እናምናለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በተለይ በደቡብ መሬት ቀላድ በተባለ ገመድ እየተለካ በጋሻ ይመደብ ጀመር። አንድ ጋሻ ብዙውን ጊዜ 40 ሄክታር ያህል ነው ይባላል። ነገር ግን ልኩ ከቦታ ቦታ ይለያይ ስለ ነበር፥ የአንዱ አገር ጋሻ ከሌላው አገር ጋሻ ጋር ሁልጊዜ እኩል አልነበረም። እንግዲህ በሁለት አውራጃ መዝገቦች ውስጥ «አሥር ጋሻ» ተብሎ ተጽፎ ብናገኝ፥ ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ስፋቱ አንድ ነው ብለን ለመደመር አንችልም። መለኪያው ጽናት የለውም ማለት ይህ ነው።

ከስፋቱ ይልቅ የሚያሳስበው የደረጃው ነገር ነው። መሬቱ ለም፥ ለም ጠፍ፥ ጠፍ እየተባለ በሦስት ይከፈል ነበር። በ1942 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅም በዚሁ አከፋፈል ላይ ተመሥርቶ በአንድ ጋሻ ለም 15 ብር፥ ለም ጠፍ 10 ብር፥ ጠፍ 5 ብር እንዲከፈል ወሰነ። ስሞቹን የሚሰማ ሰው የአፈሩ ፍሬያማነት የተለካ ይመስለዋል። ምደባው ግን በመሠረቱ የሚመለከተው መሬቱ የሚታረስና ሰው የሰፈረበት መሆን አለመሆኑን ነበር። ጠፍ ተብሎ የተጻፈ መሬት በኋላ ቢቀና እንኳ፥ መዝገቡ እስካልታደሰ ድረስ ጠፍ እንደ ተባለ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ምደባ የአፈርን ልምላሜ ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ ሌላ ነገር ለክቶ ይመለሳል። ደግሞም ደረጃ የሚነግረን ማን ከማን እንደሚበልጥ እንጂ በምን ያህል እንደሚበልጥ አይደለም፤ ግብሩ ሦስት እጥፍ ስለ ሆነ ለሙ መሬት ከጠፉ ሦስት እጥፍ ያፈራል ማለት አይቻልም።

ወደ ናሙና ስንመለስ፥ እህል የሚገዛ ብልህ ሰው ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግኖ ዋጋ አይቈርጥም፤ እጁን ወደ ታች ይሰዳል። የቀላዱ መዝገብ የጆንያው አፍ ነው። የተዘጋጀው ግብር ለማስገባት በመሆኑ የባለመሬቱን ስም ሲይዝ፥ መሬቱን የሚያርሰውን ጪሰኛ ለማሳወቅ የታሰበ አልነበረም። ጎጃምና ትግሬን የመሰሉት የርስት አገሮችም በአብዛኛው በቀላድ አልተለኩም። ከዚህ መዝገብ ሺህ ስም በዕጣ ብናወጣ፥ ዕጣው አድልዎ ባይኖረውም እንኳ፥ በመዝገቡ ያልተጻፈው አራሽ በናሙናችን አይገኝም። የስሞቹ መብዛት ይህን ጉድለት አይሞላውም።

ሦስተኛም ነገር አለ፤ የሚለካው ሰው ዝም ብሎ አይለካም። በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፥ በ1968 የጎጃም ገበሬዎች ዐመፁ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግምቱ የመሬት ልኬትን፥ ልኬቱም ርስትን ማጣትን ያስከትላል የሚል ሥጋት ነበር። ወረቀት ይዞ ስለ ማሳው ስፋት የሚጠይቅ ተማሪም በገበሬው ዓይን ከገማቹ ላይለይ ይችላል፤ መልሱም በዚያው መጠን ያንሳል።

በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ የጪሰኛነት ሥርዓት ሲሻር፥ እነዚህ መዝገቦች የግብር መሣሪያነታቸው ቀርቶ የታሪክ ምንጭ ሆኑ። ዛሬ የሚያነብባቸው ሁሉ ከመደመሩ አስቀድሞ፥ ገመዱ የማን ነበር? የተለካው ምን ነበር? ሳይጻፍ የቀረውስ ማን ነው? ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። አለዚያ ጪሰኛው ከመዝገቡ እንደ ቀረ ሁሉ፥ በእኛም ጽሑፍ ሁለተኛ ጊዜ ይቀራል።