ዝገትና መቦርቦር፦ ስለ ካም ዘንግ ስያሜ

አል ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 በጻፈው የመሣሪያዎች መጽሐፍ ውስጥ ባለ ካም ዘንግ ይገኛል። ይህን ክፍል ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ «ዛፍ» ሲሉት፣ እንግሊዝኛ በጦር ዛቢያ ስም ጠራው፤ አማርኛም ፍሪሲዮንንና ካንዴላን ከጣሊያንኛ ቢዋስም፣ እዚህ ላይ የራሱን «ዘንግ» አቀረበ።

ስያሜው እንዲህ ሲደላደል የጉዳቱ ስም ግን ተደባልቆ ቀረ። «ዝገቱን አስወግዶ መልሶ መግጠም» የሚል ትርጉም ሞተር ያበላሻል። በካሞቹ መካከል ያለው የላይ ዝገት በዘይትና በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። የካሙ ፊት ከተበላ ግን የዘይቱ ሽፋን ይቋረጣል፤ በጥልቅ ቢሞረድም የጠነከረው ቆዳ ይሄዳል፣ የቫልቩም አከፋፈት ይለወጣል። ስለዚህ የፊተኛውን «ዝገት»፣ የኋለኛውን ስለ ጥርስ እንደምንለው «መቦርቦር» ብንል፣ ባለሙያው የሚጠረገውን ከሚጣለው ይለያል።