ፈሪ፣ ደፋር፣ ወንድ፦ መቅደላ ላይ የቀሩ ቃላት

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት ነው። ከመቅደላ አምባ በታች፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ፣ የአጼ ቴዎድሮስ ጦር ከእንግሊዞች ጋር ገጥሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተሰባበረ። ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቁ። በዚያው ሌሊት ንጉሠ ነገሥቱ አምባው ላይ አስረውት ለነበረው ለራሳም መልእክት ላኩ። ነገሩን ጽፎ ያቆየልን ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነው። እንደ እሱ አባባል ንጉሡ የሚመጡባቸው ሴቶች መስለዋቸው ነበር፤ ለካ ወንዶች ኖረዋል፤ እናም አስታርቀኝ አሉት።

እስቲ እዚህች ላይ ቆም እንበል። አጼ ቴዎድሮስ የናፒየር ሠራዊት ጢም ያለው መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም። «ሴት» ያሉት «የማይዋጋ» ለማለት ነው፤ «ወንድ» ያሉትም «ያሸነፈኝ» ለማለት። እኛም ዛሬ ታክሲ ውስጥ፣ ኳስ ሜዳ፣ መሸታ ቤት የምንናገረው ይህንኑ አማርኛ ነው። ወንድ መሆን በአማርኛ ማዕረግ ነው። የተወለድክበት ቢሆንም በአንድ ቀን ሽሽት ትገፈፋለህ።

የሚገርመው «ፈሪ» የሚለው ቃል ራሱ ጾታ የለውም። ግንዱ የግዕዙ «ፈርሀ» ነው፤ «ፈሪሃ እግዚአብሔር» ስንል ያው ቃል ምስጋና ይሆናል። ወኔም ሆነ ሐሞት ለሴትም ለወንድም የተሰጠ ነው። ጾታው የሚመጣው ቃሉ ሰው ላይ ሲያርፍ ነው። «ፈሪ ነው» የተባለ ወንድ ስሙ ጠፋ። «ቦቅቧቃ» ከተባለማ አለቀለት። ቀጥሎ «ሴታሴት» ይመጣል፣ ከዚያ «ቀሚስ ልበስ»፣ ከዚያ «አንቺ» ብሎ መጥራት። ሴቷ ስትፈራ ግን «ጭምት»፣ «ዓይን አፋር»፣ «ጨዋ ልጅ» ትባላለች። ስሟ አይጠፋም፤ እንዲያውም ለትዳር ትታጫለች።

አሁን ደግሞ ገልብጡት። «ደፋር ነው» የተባለ ጎልማሳ ደስ ይለዋል። «ደፋር ናት» የተባለች ልጅ ግን ምን እንደተባለች በሚገባ ታውቃለች፤ እናቷ ከሰማች ጉድ ይፈላል። (እኛ ሴቶቹ የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች ቃሏን ስንት ጊዜ እንደሰማናት ባንቆጥር ይሻላል።) ሴት በድፍረቷ በእውነት ከተመሰገነች ደግሞ ምስጋናው «ወንድ ናት» ወይም «እንደ ወንድ» ነው። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጣልያን ከተገደሉ በኋላ አርበኛ ሆነው ጦር የመሩት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም እንኳ ከዚህ «እንደ» አላመለጡም።

ወደ መቅደላ እንመለስ። አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ሲገድሉ የተገጠመውን ሙሾ አንባቢያችን ከልጅነቱ ያውቀዋልና እዚህ አንደግመውም። ነገሩ ግን በአምባው ላይ የሞተው ወንድ አንድ እንደሆነ ነው። ግጥሙ ውብ ነው፤ አንከራከርም። ሒሳቡ ግን ያስቸግረናል። ከሦስት ቀን በፊት አሮጌ ላይ እንግሊዞች የቆጠሩት የወገን ሬሳ 700 ያህል ነው። ከእነሱ በኩል የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የእኛ ሰው በአፈሙዝ የሚጎርስ ነፍጥ ይዞ፣ ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ፣ መድፍና ሮኬት ወደሚተፋ ጦር ቁልቁል እየሮጠ ነው የሄደው። እነዚህ ምን ይባሉ? ከዚያ እሳት ተርፎ ማግስቱን ወደ ቤቱ የሄደው ገበሬስ ፈሪ ነው? «ወንድ» አንድ ብቻ ከሆነ ሌላው ሁሉ ስም የለውም።

ስም ያጡት ደግሞ እነሱ ብቻ አይደሉም። በዚያ ዘመን ከማሻ እስከ መካነ ሰላም ያለው ደገኛ «ወንድ» ስለመሆን ሲፎክር፣ የመቅደላን ዙሪያ የያዙት ሁለት ሴቶች ነበሩ። የወረ ሂማኖዋ ወይዘሮ ወርቂት በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከመቅደላ ያመለጡትን ወጣቱን ምኒልክን ተቀብለው ወደ ሸዋ አሳልፈዋቸዋል። የገዛ ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ እንዳለ እያወቁ ነው። ቴዎድሮስም ልጁን ገደሉት። ተቀናቃኛቸው ወይዘሮ መስተዋት ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ናፒየር የአምባውን መውጫ እንዲዘጉለት የጠየቃቸው ናቸው። ንጉሡ የሚመጡት ሴቶች መስለውኝ ነበር ባሉበት ሰዓት፣ ከአምባው ሥር መንገድ ይዘው የነበሩት በሴት የሚታዘዙ ፈረሰኞች ነበሩ። ሁለቱም አምባው ይገባኛል ባዮች ነበሩ፤ እንግሊዞች ግን አቃጥለውት ሄዱ።

ወይዘሮ ወርቂት ያደረጉትን በምን ቃል እንጥራው? «ደፋር» ብንላቸው ስድብ ይመስላል። «ወንድ» ብንላቸው ልጅ የሰጠችውን እናት እናጠፋታለን። ለወዳጃቸው እና ለአገራቸው ፖለቲካ ብለው የከፈሉትን ዋጋ የሚያህል ዋጋ ከአምባው ወንዶች ስንቱ ከፈለ?

ይህን የምናነሳው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን አልፎ ወሎን ሲያዳርስ ፉከራው የጠራው ወንዱን ነው። «ወንድ ከሆንክ» ሲባል አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውም ይሰማል። ሴቷ እፈራለሁ ብትል ጭምት ትባላለች፤ እሱ እፈራለሁ፣ መሞት አልፈልግም፣ ወይም ይህ ጦርነት የኔ አይደለም ቢል ሦስቱም በአማርኛ አንድ ቃል ናቸው። ተቃውሞውና ድንጋጤው የሚለያዩበት ስም አላገኙም። አዋጅ ከማውጣት ፉከራ ማውጣት የሚቀለው ለዚህ ይመስለናል።

ደርግ በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርናን ካወጀ በኋላ አፈሳ በመጣ ቁጥር ልጆቻቸውን የደበቁ እናቶች በየመንደሩ ነበሩ። ካድሬ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ልጅሽ የት አለ?» ሲል «አላውቅም» ማለት ምን ያህል ሐሞት እንደሚጠይቅ የዚያ ዘመን ሰዎች ያውቁታል። ለልጁ «ፈሪ» ተብሏል። ለእናቲቱ የተባለው «ደበቀችው» ብቻ ነው።