ኪልት እና የተረሳው ወገብ

በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የስኮትላንድ ደገኞች የሚለብሱት ኪልት ስፌት አያውቀውም ነበር። ረጅም የሱፍ ጨርቅ ነው፤ ባለቤቱ ወገቡ ላይ በእጁ ይሸነሽነዋል፣ በቀበቶ ያስረዋል፣ የተረፈውን ትከሻው ላይ ይጥላል። ማታ ያው ጨርቅ ብርድ ልብስ ይሆናል፤ ጋቢ ለብሰን ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠበበኝ ወይም ሰፋኝ የሚል አልነበረም፤ ልኩ በለበሱት ቁጥር እንደገና ይወሰዳልና።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የላይኛው ክፍል ቀርቶ ትንሹ ኪልት መጣ። በ1785 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) የታተመ አንድ ደብዳቤ ፈጠራውን ቶማስ ሮውሊንሰን ለተባለ እንግሊዛዊ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ይሰጣል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። በ1746 ደገኞቹ በመንግሥት ላይ ያነሱት አመፅ በካሎደን ጦርነት ተሸነፈ፤ ከሽንፈቱ በኋላ የወጣው ሕግ የደገኞችን ልብስ ከለከለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር በገባበት በ1770 አገሩ ውስጥ እገዳው እንደጸና ነበር። እገዳው እስከ 1782 ቆየ፤ ከክልከላው ነፃ የነበሩት ወታደሮች ናቸው። አንድ ትውልድ ጨርቁን በእጁ ሳይሸነሽን አደገ። ኪልቱ ወደ ሕዝቡ ሲመለስ የለባሹ እጅ ይሠራው የነበረውን መርፌ ተረክቦት ነበር፤ በ1790ዎቹ የጦር ሠራዊት ኪልቶች ሽንሽናቸው ተሰፍቶ ይታያል።

ጥበቡ ከለባሹ ወደ ሰፊው ሲሻገር አብሮ የተሻገረ አደጋ አለ፤ ለባሹ የገዛ ልኩን ማወቅ ያቆማል። የመጀመሪያው ዝነኛ ሰለባ ንጉሥ ነው። በ1822 የብሪታንያው ጆርጅ አራተኛ ደራሲው ሰር ዋልተር ስኮት ባሰናዳው ድግስ ኤድንብራን ሲጎበኝ የለበሰው ኪልት ከጉልበቱ እጅግ ያጠረ ነበር፤ ከሥሩ ያጠለቀው ሮዝ ጠባብ ሱሪም የዘመኑን ካርቱኒስቶች አስደስቷል።

ዛሬ ስህተቱ ተገልብጦ መጥቷል። ሱሪያችንን ዳሌያችን ላይ ስለምናስር የሱሪ ቁጥራችንን የወገባችን ልክ አድርገን እንናገራለን። የኪልት ወገብ ግን ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በሱሪ ቁጥር የታዘዘ ኪልት ይንሸራተታል፤ ጠርዙ ከጉልበት በታች ይወርዳል፣ የኋላው ሽንሽን ይዛነፋል። አዲስ ኪልት የሚያሰፋ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሜትሩን ወገቡ ላይ፣ ቀጥሎ በዳሌው ሰፊ ቦታ ላይ ማዞር አለበት። ለቁመቱ ጉልበቱን ምድር አስነክቶ ይንበረከካል፤ ጠርዙ ወለሉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ልክ ነው።

ዋናው ብልሃት ከኋላ ነው። ወገብ ከዳሌ 20 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ፣ ግማሹ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትሩ ለ25 ሽንሽኖች ሲከፋፈል እያንዳንዱ ሽንሽን ወደ ወገብ ሲወጣ 4 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። ይህ ሁሉ እየጠበበ የታርታኑ፣ ማለትም የባለመስመሩ የኪልት ጨርቅ፣ መስመሮች መዛነፍ የለባቸውም። አንዳንዱ ሰፊ የጨርቁ ንድፍ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ያጥፋል፤ የጦር ሠራዊቱ ልማድ ግን በየሽንሽኑ አንዱኑ መስመር ማሳየት ነው። ስፌቱ ከወገብ እስከ ዳሌ ብቻ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ሽንሽኑ ነፃ ነው። ዳሌው ላይ ከጠበበ ሽንሽኑ እየተከፈተ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፤ ካውያ ደግሞ ይህን አያድንም።

በጨርቁ ክብደት ላይ የሚደረግ ቁጠባም ዞሮ ማስከፈሉ አይቀርም። በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ 4 ያርድ ገደማ ጨርቅ ይበቃው የነበረ ኪልት ዛሬ በተለምዶ 8 ያርድ ይፈጃል። በአንድ ያርድ 16 አውንስ የሚመዝን ሱፍ በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በርካሽ የሚሸጠው ቀጭኑ ነፋስ ሲነካው ይበታተናል። በኔ አስተያየት፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ያርዱን ቀንሶ ውፍረቱን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ደህና የተሰፋ ኪልት ከታች የታጠፈ ጠርዝ የለውም፤ ያበቃው የሸማኔው ጨርቅ ባበቃበት ዳር ነው። ስለዚህ ከሥር ማሳጠር አይቻልም፤ ቁመቱ መጀመሪያውኑ መስተካከል አለበት። ወርዱ ግን ሌላ ነው። በእጅ የተሰፋ ሽንሽን ይፈታል፣ ዘለበቱ ይነሳል፣ በእጥፉ ውስጥ የተደበቀው ትርፍ ጨርቅ ይወጣል። አባት ለሠርጉ ያሰፋውን ልጅ ለሠርጉ ሊለብሰው የሚችለው፣ ልጁም በዳሌ ሰፍቶ ከተገኘ እንደገና የሚሰፋለት፣ ሰፊው ያን ጨርቅ ቆርጦ ሳይጥል ከተወለት ነው።