የዶሮ እግር ምልክት ያለበት አሮጌ ቆዳ



በየቤታችን ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ቆዳ አይጠፋም። አንዳንዱ አገልግል ነው፣ አንዳንዱ ዝናር፤ አንዳንዱ ግን ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለውን ለመጠገኛ ከመቁረጣችን ወይም ለነጋዴ በርካሽ ከመስጠታችን በፊት አገላብጠን እንየው። የእንግሊዝ መድፍ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነስቶ፣ በዋድላና በደላንታ በኩል አድርጎ መቅደላ ደረሰ። ትልልቆቹን መድፎች ከህንድ የመጡ ዝሆኖች ተሸከሙ። ትንሹ የተራራ መድፍ ግን 68 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሚመዝን በበቅሎ ይጫን ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። ናፒየርም ሲመለስ ለካሳ ምርጫ፣ ለኋላው አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ መድፍና ጠመንጃ ትቶ ሄደ።

የተራራው መድፍ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው። ከተተኮሰ በኋላ ውስጡ ፍም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አንዱ ወታደር በእርጥብ መወልወያ ሲጠርገው፣ ሌላው ከኋላ ያለችውን የመለኮሻ ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ይደፍናል። አየር ከገባ ፍሙ ይቀጣጠላል፤ ቀጥሎ የሚገባው ባሩድ ያለጊዜው ፈንድቶ የጎራሹን እጅ ይወስዳል። ጣት እንዳይቃጠል የሚጠለቀው ወፍራም የቆዳ ልባስ ነበር። የአንዱ ሕይወት በጓደኛው አውራ ጣትና በዚያች ቁራጭ ቆዳ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሌሎችም አሉ። በወገብ የሚታጠቀው ትንሽ ኮሮጆ የመለኮሻ ቱቦዎች መያዣ ነው። ክዳን ያለው ድቡልቡል የቆዳ ዕቃ ደግሞ የባሩድ ከረጢት ወደ መድፉ ይወሰድበታል፤ ቆዳ እንደ ብረት ፍንጣሪ አያወጣምና። የአገራችን ዝናር ግን በረድፍ በተሰፉት የጥይት ማኖሪያዎቹ ይለያል።

እኛ የሂሳብ ሠራተኞች በማኅበሩ ወንበር ላይ የንብረት ቁጥር እንደምንጽፍ ሁሉ፣ የእንግሊዝ መንግሥትም በንብረቱ ላይ የዶሮ እግር የመሰለ ባለሦስት መስመር ቀስት ያትም ነበር። ነገር ግን ምልክቱ ብቻውን የመቅደላ ዘመን ነው አያሰኝም። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት የመጣው የእንግሊዝ ወገን ጦርም ይህንኑ ምልክት ይጠቀም ነበር። ስለዚህ ከቀስቱ አጠገብ የታተመ ዓመተ ምሕረት ወይም የሠሪው ስም ካለ እንፈልግ። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንርሳ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ያላችሁ እህቶች፣ ቅቤ አትቀቡት፣ አትጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አታስጡት። በንጹህ ነጠላ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ፎቶ አንሱት። ከማን እንደተወረሰና ከየት እንደመጣ፣ የሚያውቁ እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳዩት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ያልተመዘገበ ንብረት ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱ አይታወቅም። ታሪካችንም እንደዚሁ ነው።