ጩኸት የሰማ ሁሉ ወጣ

ሚዛን ተፈሪን የሚያውቅ ዝናቧን ያውቃል። ጠዋት ፀሐይ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ተራራው ጉም ይለብስና ዶፉን ያወርደዋል። እኛ ግን ተማሪ ሳለን ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። አንድ ቅዳሜ ሦስት ሆነን፣ ሁለታችን በነጠላ ጫማ፣ ከከተማው በላይ ያለውን ተራራ ካልወጣን አልን። ውኃ አልያዝንም። የት እንደምንሄድም ለማንም አልተናገርንም። አሥር ሰዓት ላይ ጉሙ ሲወርድ መንገዱ ጠፋን፤ ቀዩ ጭቃ እንደ ሳሙና ያንሸራትተን ጀመር። አንደኛው ጓደኛችን ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ቁጭ አለ። ያለን አማራጭ መጮህ ነበርና ጮኽን።

የመጣልን ፖሊስ አልነበረም፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛም አልነበረም። ከቡና ማሳው ገጀራውን እንደያዘ የወጣ አንድ ገበሬ ነው፤ ከኋላው ሁለት ልጆቹ። ጓደኛችንን እየተፈራረቁ አዝለው መኪና መንገድ ድረስ አወረዱት። ስማችንን እንኳ አልጠየቁንም።

በአገራችን የተራራ ነፍስ አድን ታሪክ ይጻፍ ቢባል ዋናው ምዕራፍ ይኸው ነው፦ ጎረቤት። ኡኡታ ሲሰማ ሁሉም የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ሰው ገደል ቢገባ ገመድ የሚያመጣው፣ እንጨት ቆርጦ ቃሬዛ የሚያበጀው፣ በፈረቃ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ያው የሰፈሩ ሰው ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ በደረሰበት ጊዜ ተመሠረተ፤ አምቡላንሶቹም ከዚያ ወዲህ ብዙ ነፍስ አትርፈዋል። ግን አምቡላንስ መንገድ እስካለበት ድረስ ነው። ከመንገዱ በላይ ያለው ሁሉ የጎረቤት ድርሻ ነው።

ሌላው ዓለምስ? እስኪ ወደ ቪየና ብቅ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1854 የዜመሪንግ የባቡር መስመር ሲከፈት የከተማው ሰው ተራራ በቀላሉ መድረስ ቻለ። ዛሬ እኛ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወንጪና የረር እንደምንሄደው ማለት ነው። ተራራው በቀረበ ቁጥር አደጋውም ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1896፣ እኛ ዓድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት፣ ራክስ በተባለው ተራራ ላይ ሦስት የቪየና ወጣቶች የበረዶ ናዳ ተጭኗቸው ሞቱ። ከዚያ ሐዘን በኋላ የከተማዋ የተራራ ክለቦች ተሰባስበው በዓለም የመጀመሪያው ነው የሚባለውን የተራራ ነፍስ አድን የበጎ ፈቃድ ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ በፊትም ሰው ለሰው ይደርስ ነበር። አዲሱ ነገር ማን እንደሚጠራ፣ ማን እንደሚመራ፣ በምን እንደሚሠራ አስቀድሞ መታወቁ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ከኦሞ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ጎፋ ዞን።

እሑድ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከባድ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ሰዎችን ከነቤታቸው ቀበረ። ኡኡታ ተሰማ። ጩኸት የሰማ ሁሉ ወጣ። ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ነዋሪ፣ መምህራን፣ ፖሊሶች፣ ከአጎራባች መንደር የመጡ ሰዎች በአካፋና በባዶ እጃቸው ጭቃውን እየቆፈሩ ወገናቸውን ይፈልጉ ነበር። ይህን ጊዜ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ለማዳን የወጡት ናቸው። የሟቾች ቁጥር በቀናት ውስጥ 257 መድረሱን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታወቀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚያ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። እኔን ከተራራ ያወረደኝ ገበሬ የነበረው ልብ ነው የነበራቸው። የጎደላቸው ማንም ያልነገራቸው እውቀት ነው። ተራራ ሲናድ የታችኛው አፈር ይሄድና የላዩ ድጋፍ አጥቶ ይቀራል። ውኃ የጠጣ አፈር ደግሞ ከባድ ነው፤ ሁለተኛው ናዳ ብዙ ጊዜ ተከታትሎ የሚመጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሠለጠነ ቡድን ከመቆፈሩ በፊት ወደ ላይ ያያል። አዲስ የተሰነጠቀ መሬት፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካየ ይርቃል። አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ ከዳር ሆኖ ተራራውን ብቻ ይጠብቃል። ጥቂት ሰው ይቆፍራል፤ ሌላው ተራውን ከናዳው መንገድ ውጪ ሆኖ ይጠብቃል። የመሸሻው አቅጣጫም አስቀድሞ ይነገራል።

ይህ ሁሉ ሄሊኮፕተር አይጠይቅም። ፊሽካ፣ ገመድ፣ ቃሬዛና የጥቂት ቀን ሥልጠና ነው። እድር ያለው ሕዝብ፣ በደቦ የሚያርስ ሕዝብ መደራጀትን ከቪየና መማር አያስፈልገውም። እድራችን ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ለመትከል እንዲህ ከተደራጀ፣ ሰው ሳይሞት ለመድረስ መደራጀት እንዴት ያቅተዋል?

ለእኛ ለከተሜዎቹስ? እኛ ተራራ የምንወጣው ለፎቶ ነው፤ ገበሬው ግን እዚያው ይኖራል። በነጠላ ጫማ ወጥተን ስንጮህ ነፍሱን ለአደጋ አጋልጦ የሚመጣው እሱ ነው። ስለዚህ የደህና ጫማና የዝናብ ልብስ ጉዳይ ከራሳችን አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በማለዳ መነሳት፣ የት እንደምንሄድና መቼ እንደምንመለስ ለሰው መናገር፣ የአካባቢውን ሰው ከፍሎ መሪ ማድረግ፣ ጉም ሲወርድ ኩራትን ትቶ መመለስ… ሌላ ምሥጢር የለውም።

ያን ገበሬ እኛም ስሙን አልጠየቅነውም። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። የኬንቾ ሻቻዎቹም በብዙዎቻችን ዘንድ የሚታወሱት በቁጥር ብቻ ነው። ጩኸት ሰምተው ለወጡ ሰዎች ቢያንስ የምንከፍለው ብድር አለ፤ ከእነሱ ቀጥለው የሚወጡት በሰላም እንዲመለሱ ማድረግ።