የአቶም ቁጥር እንዴት ታወቀ?



ዛሬ የምንነጋገረው በዓይን ስለማይታይና በእጅ ስለማይዳሰስ ነገር፣ ስለ አቶም ነው። «መምህር፣ ያልታየ ነገር እንዴት ይታወቃል?» የሚል ጥያቄ ከጎልማሳ ተማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። «ሊቃውንት ብለዋል» ብሎ ዝም ብሎ መቀበል ትምህርት አይደለምና፣ እስቲ ሰዎቹ እንዴት እንደ ደረሱበት እንመልከት። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት አቶም የማይከፈል የመጨረሻ ቅንጣት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1897 ግን ጄ. ጄ. ቶምሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በካምብሪጅ አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እየላከ ሲመረምር፣ ከቱቦው ብረት የሚወጣው ጨረር በማግኔትና በኤሌክትሪክ ኃይል ሲጎብጥ አየ። ብርሃን ቢሆን ኖሮ ባልጎበጠ ነበር። ስለዚህ ጨረሩ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው የጥቃቅን ቅንጣቶች ጎርፍ ነው አለ። ዛሬ ኤሌክትሮን የምንላቸው እነዚህን ነው። አንድ ኤሌክትሮን ከሁሉ ከሚቀለው አቶም፣ ከሃይድሮጅን፣ በ1,800 እጥፍ ገደማ ይቀላል።

ታዲያ የቀረው የአቶሙ ክፍል የት አለ? በ1909 በማንቸስተር ከተማ ጋይገርና ማርስደን የተባሉት ተመራማሪዎች፣ በአለቃቸው በኧርነስት ራዘርፎርድ መሪነት፣ አልፋ የተባሉ ፈጣን ቅንጣቶችን እጅግ በሳሳ የወርቅ ቅጠል ላይ ለቀቁ። አብዛኞቹ ምንም እንዳልነካቸው አለፉ። ከብዙ ሺህ አንዱ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ! ራዘርፎርድ ነገሩን አስልቶ በ1911 መልሱን ሰጠ፤ ይኸውም የአቶሙ ክብደት ከሞላ ጎደል ሁሉ፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ፣ መካከል ላይ ባለች ትንሽ እምብርት ውስጥ ታጭቋል፤ ይህችም ኒውክለስ ትባላለች። የወርቅ አቶም የኳስ ሜዳ ቢያክል ኒውክለሱ የምስር ፍሬ ቢያክል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ሜንዴሌቭ የተባለው ሩስያዊ በ1869 ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው ቅደም ተከተል ደርድሮ ሰንጠረዥ አውጥቶ ነበር። ሆኖም አንዳንድ ቦታ ላይ ድርድሩ ይዛባል። ለምሳሌ ኒኬል ከኮባልት ጥቂት ስለሚቀል በክብደት መቅደም ይገባው ነበር፤ በጠባያቸው ሲታይ ግን የሚቀድመው ኮባልት ነው። ምክንያቱ አልታወቀም።

ይህን ቋጠሮ የፈታው በ1887 የተወለደው ሄንሪ ሞዝሊ ነው። በ1913 እና በ1914 ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን በኤሌክትሮን እየመታ የሚያወጡትን ኤክስሬይ ለካ። ሲያሰላው ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደሚቀጥለው ሲኬድ ልክ እንደ ደረጃ በእኩል እርምጃ ከፍ ይላል። እርምጃው የሚቆጥረው በኒውክለሱ ውስጥ ያለውን ፖዘቲቭ ቻርጅ ነው። የአቶም ቁጥር የምንለው ይህ ነው። ኮባልት 27፣ ኒኬል 28 ሆነ፤ ነገሩም ተፈታ።

እንግዲህ መምህር ስም ሲጠራ ከ42 ወደ 44 ቢዘል፣ አንድ ተማሪ መጉደሉን ያውቃል አይደል? ሞዝሊም ደረጃው ላይ 43፣ 61 እና 75 ባዶ መሆናቸውን አይቶ «እዚህ ላይ ገና ያልተገኙ ንጥረ ነገሮች አሉ» አለ። እንዳለውም 75ኛው በ1925፣ 43ኛው በ1937፣ 61ኛው በ1945 ተገኙ።

ሞዝሊ ግን አንዱንም አላየም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ በፈቃዱ ዘመተ፤ በነሐሴ 1915 በቱርክ አገር ጋሊፖሊ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው 27 ዓመት ብቻ ነበር። መምህሩ ራዘርፎርድ እንዲህ ያለ ሰው ለጦር ሜዳ መዋሉን በጽሑፍ አውጥቶ አዘነ። ጥይቱ ምን ያህል ገና ያልተሠራ ሥራ ይዞ እንደ ሄደ እናንተው ገምቱት።

ይህ ሁሉ ለኛ ምን ይጠቅማል? ወጥ ውስጥ የምትጨምሩትን ጨው አስቡ። ሶዲየም 11ኛ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ 2፣ 8፣ 1 ሆነው በደረጃ ተከፍለዋል። ክሎሪን 17ኛ ነው፤ 2፣ 8፣ 7። ሶዲየም የውጪውን 1 ይሰጣል፤ ክሎሪን ይቀበላል፤ ሁለቱም 8 ይሞላላቸዋል። ሰጪው ፖዘቲቭ፣ ተቀባዩ ኔጋቲቭ ሆነው ይሳሳባሉ፤ ጨው ይሆናሉ። ኤሌክትሮኖች በተወሰነ የኃይል ደረጃ ላይ እንደሚኖሩ ያስረዳው ዴንማርካዊው ኒልስ ቦር ነው፤ ይህም በ1913 ነው። ኋላ ግን ኤሌክትሮን እንደ ፕላኔት በመንገድ የሚዞር ሳይሆን ኒውክለሱን እንደ ደመና የከበበ መሆኑ ታውቋል።

መልመጃ፦ ማግኒዥየም 12ኛ ነው። ኤሌክትሮኖቹን በደረጃ ከፋፍላችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፤ 8 እንዲሞላለት ስንት ይሰጣል? ማንበብ የቻለ ላልቻለው ጎረቤቱ ያንብብለት።