ድርና ማግ በአውራ አምባ

የገጠር ዕድገት በሬና ማረሻ ብቻ ነው ያለው ማነው? ፎገራ ያለችውን አውራ አምባን እንይ። አቶ ዙምራ ኑሩና ባልንጀሮቻቸው በ1964 ዓ.ም. መሠረቷት። በደርግ ዘመን ነዋሪዎቿ ወደ ቦንጋ ተሰደዱ፤ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ሲመለሱ ግን መሬታቸው በሌሎች እጅ ገብቶ ጠበቃቸው። የቀረቻቸው 17.5 ሄክታር ገደማ ናት። በዚህች ቁራሽ መንደር መቼም አይጠግብም! ስለዚህ ወደ ሸማ ሥራ ዞሩ፤ ኋላም ወፍጮና ሱቅ ጨመሩ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። በአገራችን ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲናቅ፣ ፈትሉም ለሴት፣ ሽመናው ለወንድ ተከፍሎ ኖሯል። አውራ አምባ ይህን አፈረሰች፤ ሴቷ ትሸምናለች፣ ወንዱም ይፈትላል። እንግዲህ የመንደር ኢንዱስትሪ ከመሣሪያ በፊት የሚሻው ሠሪውን ማክበር ነው እንላለን። ኩታውን ለብሶ ሸማኔውን የሚንቅ ኅብረተሰብ ከየት መጥቶ ያድጋል?